ውሃው ሲሮጥ፦ የባሕር ሙላትና ጉድለት ለሮክፊሽ አጥማጅ

«አስር ሰዓት ላይ ድልድዩ ሥር እንገናኝ» አሉኝ ጋሼ በስልክ።

ሜሪላንድ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ወሩ ኦክቶበር፣ ቀኑ ቅዳሜ። ሙሉ ሳምንት በፈረንጅ ሰዓት ገብቼ በፈረንጅ ሰዓት ስለምወጣ፣ አስር ሰዓት ሲሉኝ የጠዋቱ አስር መሰለኝ። ጋሼ ግን አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ኖረውም ሰዓታቸውን አልቀየሩም። የእሳቸው አስር ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ በፈረንጁ አራት ሰዓት።

ቦታው ኬንት ናሮውስ ይባላል። አናፖሊስ አጠገብ ያለውን ረጅሙን ቤይ ብሪጅ ተሻግራችሁ ወደ ኦሽን ሲቲ የሄዳችሁ ሁሉ ሳታውቁት አልፋችሁበታል። ኬንት ደሴትን ስትጨርሱ መኪናው ከፍ ያለ ድልድይ ላይ ይወጣል። ከሥሩ በሰሜን ያለውን የቼስተር ወንዝ በደቡብ ካለው ኢስተርን ቤይ ጋር የሚያገናኝ ጠባብ የውሃ መተላለፊያ አለ። እሱ ነው።

ጋሼ ቀደም ብለው ነግረውኛል። «ከምሰሶው በስተቀኝ ወርውር። አረፋ የሚዞርበት ቦታ ታያለህ። ዓሣው የሚቆመው እዚያ ነው።» ደረስኩ፣ ወረወርኩ። የሚዞር አረፋ ግን የለም። ውሃው ከቀኝ በኩል እየተንደረደረ መጥቶ ምሰሶውን ይመታል። የመንጠቆዬን ክር ጎትቶ ምሰሶው ሥር ወሸቀው። መንጠቆውን ለማስመጥ የሚታሰር ክብደት፣ ሦስት እርሳስ፣ እዚያው ቀረብኝ።

ጋሼ በሰዓታቸው ከች አሉ። ጠዋት መምጣቴን ስነግራቸው ዘንጋቸውን እየገጣጠሙ «የተሳሳትከው በስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ደግሞ ውሃው ፊቱን አዙሮ የሚመለስበት ጊዜ ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ዞሯል። አሁን ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ከምሰሶው በስተቀኝ አረፋው ይሽከረከራል። ሁለተኛ ውርወራቸው ላይ ዘንጉ ጎበጠ።

ያን ቀን ባውቀው ኖሮ ያልኩትን ነገር ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ፈረንጆች «ታይድ» የሚሉትን ብዙ ሰው በአማርኛ «ማዕበል» ይለዋል። ማዕበልን ግን የሚያስነሳው ነፋስ ነው። ታይድ ሌላ ነገር ነው። ባሕሩ በሙሉ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ነፋስ ባይኖርም፣ ውሃው እንደ መስታወት ቢተኛም ይህ አይቀርም። ክረምት ላይ ወንዙ ሞላ፣ በጋ ላይ ጎደለ እንላለን አይደል? እኔም ሙላትና ጉድለት እለዋለሁ። ልዩነቱ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ መጉደሉ ነው። ጣና ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ይህን አያውቀውም። ጣና የሚሞላውና የሚጎድለው ከዝናቡ ወራት ጋር ነው። ስለዚህ አገር ቤት ዓሣ ያጠመደ ሰው እንኳ እዚህ ሲመጣ አንድ ትምህርት ይቀረዋል።

ዓሣው ስትራይፕድ ባስ ነው። ጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው የሚሄዱ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመሮች አሉት። በእኛው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ (ቼሳፒክ ቤይ) አካባቢ ሮክፊሽ ይሉታል፤ ወደ ሰሜን ስትወጡ ስትራይፐር ይሆናል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛቷ ዓሣ አድርጋ ሰይማዋለች። የሚያድገው ጨዋማ ባሕር ውስጥ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ግን ጨው ወደሌለበት ወንዝ ይወጣል። እስከ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። በዘንግ ከተያዙት ትልቁን ያወጣው ግሬግ ማየርሰን የሚባል አጥማጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2011፣ ኮነቲከት አጠገብ ሎንግ አይላንድ ሳውንድ ላይ። ክብደቱ 81.88 ፓውንድ፣ ወደ 37 ኪሎ። የደህና በግ ክብደት ነው።

እሺ፣ ውሃውን ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው?

በዋናነት ጨረቃ ናት። በእሷ በኩል ያለው የባሕር ውሃ ከመሬት እምብርት ይልቅ ለእሷ ይቀርባል። ስለዚህ ጠንከር አድርጋ ትስበዋለች። በጀርባ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ ከመሬት እምብርት ይልቅ ይርቃታል። እሱን ላላ አድርጋ ነው የምትስበው፤ ወደ ኋላ ይቀራል። ውጤቱ ባሕሩ በሁለት ወገን ማበጡ ነው፤ በጨረቃ በኩል አንድ፣ በጀርባ በኩል አንድ። መሬት በእነዚህ እብጠቶች ሥር ስትሽከረከር አንድ የባሕር ዳርቻ በቀን ሁለቴ ሙላት ያገኛል። የባሕሩ ጥልቀትና የዳርቻው ቅርጽ ነገሩን ብዙ ይለውጡታል፤ መሠረቱ ግን ይህ ነው።

ጨረቃም ቆማ አትጠብቅም። መሬት አንድ ዙር ስትጨርስ እሷ በመንገዷ ጥቂት ራመድ ብላለች። መሬት እሷ ላይ ለመድረስ ሌላ 50 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋታል። ለዚህ ነው ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ የሚመጣው። ከሙላቱ ጫፍ እስከ ጉድለቱ ጫፍ ያለው ጊዜ ደግሞ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ግድም ነው። የእኔ ስህተት ልክ ተቃራኒው ላይ የጣለኝ በዚህ ምክንያት ነው። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነት ስድስት ሰዓት፤ የሙላትና የጉድለት ልዩነትም ስድስት ሰዓት። የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እባካችሁ ሰው ስትቀጥሩ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ማለትን አትርሱ።

ፀሐይም ትስባለች። ትልቅ ብትሆንም ሩቅ ስለሆነች ባሕርን የማንሳት ጉልበቷ የጨረቃን ግማሽ አይሞላም። ግን ዋጋ አለው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ጨረቃ ስትወለድ ሦስቱ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። የፀሐይና የጨረቃ ጉልበት ይደመራል። ሙላቱ ከወትሮው ከፍ፣ ጉድለቱ ከወትሮው ዝቅ ይላል። ግማሽ ጨረቃ ላይ ግን አንዷ ወደዚህ፣ አንዷ ወደ ጎን ስለሚስቡ ውሃው ይለዝባል። ሙስሊም ወዳጆቻችን ይህን ለማስታወስ አይቸገሩም። የወሩ መግቢያ ጨረቃ ስትታይ፣ ለምሳሌ በዒድ አልፈጥር ሰሞን፣ ውሃው ብርቱ ነው። በወሩ 14ኛና 15ኛ ቀን አካባቢም እንደዚያው። በ7ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ደካማ ነው። ብዙ ቦታ አንድ ሁለት ቀን ዘግየት ይላል።

ያው አንድ ጨረቃ ሁሉም ቦታ እኩል አትሠራም። አናፖሊስ ላይ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ክንድ እንኳ አይሞላም። ቦስተን ላይ 2.9 ሜትር ይደርሳል። ካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እስከ 16 ሜትር ይሄዳል፤ በዓለም ትልቁ ነው። እዚያም ሮክፊሽ አለ። ስቱዊያክ በሚባል ወንዝ ውስጥ ሙላቱ እንደ ግድግዳ ተነስቶ ወንዙን ወደ ኋላ እየገፋ ይገባል፤ ዓሣውም በዚያው ወንዝ እንቁላሉን ይጥላል። ይህን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

የዲሲ ልጆች የቼሪ አበባ ለማየት ታይዳል ቤዚን ትሄዳላችሁ። ስሙ ራሱ «የታይድ ገንዳ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የተሠራው ለውበት ብቻ አይደለም። ሙላት ሲመጣ በፖቶማክ ወንዝ በኩል ያሉት በሮች ይከፈቱና ገንዳው ይሞላል። ውሃው መጉደል ሲጀምር እነዚህ ይዘጋሉ፤ በሌላው ጫፍ ያሉት ወደ ዋሽንግተን ቻነል ይከፈታሉ። የተጠራቀመው ውሃ እየሮጠ ወጥቶ ደለሉን እንዲጠርግ ታስቦ ነው። ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ ቤይ ከሚገባበት አፍ እስከዚያ ድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጨረቃ ግን እዚያም ትደርሳለች። ዲሲ ላይ ልዩነቱ 85 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከአናፖሊስ በእጅጉ ይበልጣል። ሙላቱ የሚቆመው ቼይን ብሪጅ ካለፈ በኋላ ድንጋያማው ሊትል ፎልስ ጋ ሲደርስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጀማሪ አጥማጅ ሁሉ የሚጠይቀው «ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሞላው?» ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ጥያቄው መሆን ያለበት ግን «ውሃው መቼ ይሮጣል? በየት በኩል? ወዴት?» ነው። ከፍታና ሩጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የጥምቀት ዕለት ከጃንሜዳ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። ሜዳው ላይ ሰው ዘና ብሎ ይራመዳል። በሩ ጋ ሲደርስ ይጨናነቅና ይገፋፋል። ውሃም እንደዚሁ ነው። ሰፊው ቤይ ውስጥ ዝግ ይላል፤ ጠባብ ቦታ ሲያገኝ ይፈጥናል። ኬንት ናሮውስ ላይ የውሃው ከፍታ ልዩነት ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያ ትንሽ ልዩነት ግን በጠባብ በር ማለፍ ስላለበት ውሃው ይሮጣል። ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ «እዚህማ ታይድ የለም» ያለ ሰው ዓሣውን አጣው ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ከኬፕ ኮድ ካናል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ተከፈተ። ሰው ቆፍሮ ሁለት ባሕሮችን አገናኘ፤ በምሥራቅ ኬፕ ኮድ ቤይን፣ በምዕራብ ባዛርድስ ቤይን። በምሥራቁ በኩል የሙላትና የጉድለት ልዩነት ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በምዕራቡ በኩል ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሰዓታቸውም ሦስት ሰዓት ያህል ይለያያል። አንዱ ጫፍ ሲሞላ ሌላው ገና ነው። ታዲያ ውሃው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው እንደ ወንዝ ይንደረደራል፤ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው አይደርስበትም። በየስድስት ሰዓቱ ይቆማል፣ ይዞራል፣ በተቃራኒው ይሮጣል። አጥማጆች ከዳር ድንጋዩ ላይ ቆመው ነው የሚይዙት፤ ካናሉ ውስጥ ከጀልባ ማጥመድ ክልክል ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው የሚነዱት ውሃው ጎህ ሲቀድ አካባቢ የሚዞርባቸውን ቀናት መርጠው ነው።

ውሃው አቅጣጫ ከመቀየሩ በፊት ለአፍታ ቀጥ ይላል። ይህንን «ስላክ» ይሉታል። ስላክ የግድ ከሙላቱ ጫፍ ጋር አይገጥምም። ሰንጠረዡ «ሞልቷል» ሲል ውሃው ገና ወደ ውስጥ የሚሮጥበት ቦታ ብዙ ነው፤ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚቆመው። ለዚህ ነው የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖዓ የሚባለው፣ የከፍታና የሩጫ ትንበያዎችን ለየብቻ የሚያወጣው። ሁለቱንም በነጻ ማየት ይቻላል። የሩጫው ትንበያ ለቦታችሁ ካለ እሱን አስቀድሙ።

ሩጫውን በግምት ለማወቅ መርከበኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ሒሳብ አለ። የከፍታውን ልዩነት ለ12 ክፈሉት። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት እጅ፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ እጅ ይንቀሳቀሳል። ዲሲን ወስደን እንየው። 84 ሴንቲሜትር ብንል አንዱ እጅ 7 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ በየሰዓቱ 7፣ 14፣ 21፣ 21፣ 14፣ 7። የውሃው ግማሽ የሚንቀሳቀሰው በመካከለኛዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው ማለት ነው። ወንዝ ላይ ሒሳቡ ትንሽ ይዛባል። የወንዙ ውሃ ራሱ ወደ ታች ስለሚገፋ መጉደሉ ከመሙላቱ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ቢሆንም ቤት ሆኖ ለማቀድ ይበቃል።

ግን ዓሣው የውሃ ሩጫ ምን ያደርግለታል?

ወደ ጃንሜዳው በር እንመለስ። ቆሎና ሎሚ የሚሸጠው ልጅ የት ነው የሚቆመው? ሜዳው መሃል ሰው እያሯሯጠ አይደክምም። በሩ ጎን፣ ግፊያው በማይደርስበት ጥግ ይቆማል። ሕዝቡ ራሱ ወደ እሱ ይመጣል። ሮክፊሽም እንደዚያ ነው የሚያድነው። ትናንሽ ዓሦች፣ ሜንሄደንና ሄሪንግ የሚባሉት፣ እንዲሁም ሽሪምፕና ትንንሽ ሸርጣን ጠንካራ ፍሰት ይዟቸው ይሄዳል። ሮክፊሽ ሰፊ ጭራና ጠንካራ ጡንቻ አለው። ከድልድይ ምሰሶ፣ ከድንጋይ ወይም ከአሸዋ ጉብታ ኋላ ውሃው ወደሚለዝብበት ገብቶ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ይቆማል። የሚያልፈውን ላፍ አድርጎ ይውጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። ጉልበቱን ይቆጥባል። ጎኑ ላይ የውሃ ንዝረት የሚሰማበት የስሜት መስመር ስላለው ጨለማና ድፍርስ ውሃም ብዙ አያግደውም።

ውሃው ሲቆም ይህ ሁሉ ይቆማል። ትናንሾቹ ዓሦች እንደልባቸው ይዋኛሉ፤ ይበተናሉ። ሮክፊሹም ከቦታው ይንቀሳቀሳል። ስላክ ላይ ዘንጋችሁ ጫፉ ቀጥ ይላል፤ ክሩ ላላ ብሎ ይንጠለጠላል። ያኔ ሻይ ጠጡ፤ መንጠቆ ቀይሩ። ከዚያ የዘንጉ ጫፍ ቀስ ብሎ ጎንበስ ማለት ሲጀምር ተነሱ። ከስላክ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያስደስት ነው። ዓሦቹ ቦታ ቦታቸውን የሚይዙበት ሰዓት ነዋ።

እኔ ያን ጠዋት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ውሃው እየሮጠ ነበር፤ ዓሣውም ሳይኖር አይቀርም። የነበረው ግን በምሰሶው ግራ በኩል ነው፣ በተጋረደው ጎን። ውሃው ሲዞር ዓሣውም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። አንድ ምሰሶ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው ብላችሁ ያዙት።

«የቱ ይሻላል፣ ሲሞላ ወይስ ሲጎድል?» ለሚለው ለሁሉም ቦታ የሚሆን መልስ የለም፤ አለ የሚላችሁን አትመኑ። ቦታው ነው የሚወስነው። ረግረግና ሳር ካለበት ጅረት አፍ ላይ ከሆናችሁ መጉደሉን እመርጣለሁ። ሲሞላ ትናንሽ ዓሦችና ሽሪምፖች ሳሩ ውስጥ ገብተው ይደበቃሉ። ሲጎድል ውሃው ከሥራቸው ይሸሻል። ምርጫ የላቸውም፤ በጅረቱ አፍ ይወጣሉ። ሮክፊሹ እዚያው አፉ ላይ ነው። ጥልቀት የሌለው ሜዳማ ዳርቻ ከሆነ ግን ሲሞላ ነው ደስ የሚለው። ደረቅ የነበረው ጭቃ ውሃ ሲሸፍነው ትልና ሸርጣን ይገኝበታል፤ ዓሣውም እየሞላ ከሚሄደው ውሃ ጋር ወደ ዳር ይጠጋል። አንዳንዴ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ጀርባውን ታያላችሁ።

ፍሰቱ ጠንካራ ሲሆን ከመንጠቆው በላይ ያለው እርሳስ መክበድ አለበት። ለዘብ ባለ ውሃ ሁለት አውንስ የበቃው፣ ብርቱ ጨረቃ ላይ አራትም ላይበቃው ይችላል። ምግቡ መሬት ሳይነካ በውሃው እየተጎተተ ከሄደ ክብደት ጨምሩ። አርቲፊሻል ዓሣ ከሆነ ፍሰቱ ወደሚመጣበት በኩል ወርውራችሁ ውሃው ራሱ እንዲያመጣው ፍቀዱለት። ውሃን የሚቃወም ትንሽ ዓሣ ብዙ የለም፤ ሮክፊሹም ይህን ያውቃል።

ብርሃንም አለ። ዓይኑ ትልቅ ስለሆነ ድንግዝግዝ ይስማማዋል። ንጋት፣ ምሽትና ሌሊት ይበላል። የሚሮጥ ውሃ ከንጋት ጋር ሲገጥም ያ ቀን ከሥራ ፈቃድ የሚወሰድበት ቀን ነው። ደግሞም ይመለሳል። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ እየዘገየ ከ15 ቀን ገደማ በኋላ ወደዚያው ሰዓት ይመጣል። ቦስተን ላይ ለምሳሌ በሙሉ ጨረቃም በአዲስ ጨረቃም ሙላቱ የሚውለው እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ዛሬ ጥሩ ጠዋት ያገኘ ሰው ቀኑን ይጻፍ፤ ሁለት ሳምንት ይቁጠር።

ቼሳፒክ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቤዩ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሙላቱ ከአፉ ገብቶ እስከ ሰሜኑ ጫፍ ለመድረስ ወደ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። አፉ ላይ ሲሞላ መሃሉ ላይ ይጎድላል። ስልካችሁ የቅርቡን ጣቢያ ሳይሆን ሌላ ቦታ ካሳያችሁ የምታነቡት ሰዓት ለእናንተ አይሠራም። ጥሩ ጎኑ፣ እዚህ ውሃው ቢቆም መኪና አስነስታችሁ የሚሮጥበት ቦታ መሄድ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ልዩነቱ 30 ሴንቲሜትር ብቻ በሆነበት ቦታ ነፋስ ጨረቃን ሊያሸንፍ ይችላል። ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ሁለት ቀን ከነፈሰ ውሃውን ጠራርጎ ከቤዩ ያስወጣዋል። ሰንጠረዡ «ሙላት» እያለ ጭቃው ላይ ጀልባ ተኝታ ታያላችሁ። ከደቡብ ሲነፍስ ደግሞ ውሃው ታፍኖ አልጎድልም ይላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ካያችሁ በኋላ ነፋሱንም እዩ፤ ቦታው ስትደርሱ ደግሞ ዓይናችሁን እመኑ። እኔ ደረቅ እንጨት እወረውራለሁ። ከእንጨቱ እኩል እራመዳለሁ። ቀስ ብዬ ከተራመድኩ ውሃው ለዘብ ያለ ነው፤ መፍጠን ካለብኝ ከባዱን እርሳስ አወጣለሁ።

የውሃ ሩጫ ለአጥማጁ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። ዓሣው ራሱ የሚወለደው በእሱ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሴቷ ወደ ወንዝ ወጥታ እንቁላሏን ውሃው መሃል ትለቃለች። እንቁላሉ ለመፈልፈል ሁለት ቀን ያህል ይፈልጋል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ፍሰቱ አንሳፎ ሊይዘው ይገባል። ውሃው ከቆመ ይሰምጣል፤ ጭቃ ይለብሰዋል፤ ይሞታል። ቼሳፒክና ወንዞቿ በአትላንቲክ ዳርቻ ላለው ሮክፊሽ ዋናው የመራቢያ ቤት ናቸው። የ6 ዓመት ሴት ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ የ15 ዓመቷ ከ3 ሚሊዮን በላይ። ትልቋን ዓሣ መልሱ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ዓሣው አሁን ደህና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከመመናመኑ የተነሳ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ማጥመዱን ጨርሳ ከልክላ ነበር። ያኔ አገገመ። አሁን ግን ጫጩቶቹ እያነሱ ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ መረብ እየጎተተች የዓመቱን ግልገሎች ትቆጥራለች። የረጅም ዘመኑ አማካይ በአንድ ጎተታ 11 ያህል ነው። በ2023 የተገኘው 1.0 ነበር፤ በ2024 ደግሞ 2.0። ለዚህ ነው መጠኑ የጠበቀው። በውቅያኖሱ ዳርቻ አንድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ፣ ከ28 እስከ 31 ኢንች፤ ቼሳፒክ ውስጥ ደግሞ አንድ፣ ከ19 እስከ 24 ኢንች የሚል ደንብ ወጥቷል። ወቅቱና መጠኑ ስለሚቀያየር ከመውጣታችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ አንብቡ፤ ፈቃዳችሁንም ያዙ። በምግብ የምታጠምዱ ከሆነ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ ተጠቀሙ፤ ግዴታ ነው። አንጀት ሳይወጋ ከንፈር ላይ ስለሚይዝ የተለቀቀው ዓሣ ይተርፋል። በጋ ላይ ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ቶሎ ይደክማል። ያኔ ታግላችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ለቀቃችሁት ማለት በሕይወት ሄደ ማለት ላይሆን ይችላል።

ስለ ራሳችሁም ተጠንቀቁ። ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። አሸዋ ጉብታ ላይ በጉድለት ሰዓት በእግር ገብቶ ማጥመድ ደስ ይላል። ውሃው ግን ከፊት ለፊት ብቻ አይደለም የሚሞላው። ከኋላችሁ ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ቀድሞ ይሞላል። መመለሻችሁ ሲዘጋ ላታዩት ትችላላችሁ። በሒሳቡም አስቡት፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ውሃው በጣም ይፈጥናል። ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ፤ ሲጮህ ውጡ። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ። ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድንጋዩ ላይ ቆመው እንኳ አያወልቁትም።

ያን ቀን ጋሼ የያዙት ዓሣ 21 ኢንች ሆነ። ለክተው፣ በእርጥብ እጃቸው ይዘው አሳዩኝ። ጎኑ ላይ ያሉት መስመሮች አንዱ ጋ ይቆረጡና ትንሽ ዝቅ ብለው ይቀጥላሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። ቀኑን፣ የጨረቃዋን ሁኔታ፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ውሃው ከግራ ወደ ቀኝ መሮጡን በአማርኛ ጻፉ። ሰዓቱን «10» ብለው አሰፈሩ። እኔም በስልኬ ላይ «4» ብዬ ጻፍኩ።

ከ15 ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ተመለስን። ሁለታችንም የጻፍነው ሰዓት ሲደርስ ውሃው ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጥ ነበር። ከምሰሶው በስተቀኝ አረፋው ይዞራል። ጋሼ ዘንጋቸውን ሳይነኩ ቆመው «ወርውር» አሉኝ።